ዘብጥያ የገባ ስም የት ይገኛል?

ብዙዎቻችን ከፖሊስ ወረቀት ለመቀበል የተሰለፍነው አንድ ሰልፍ ብቻ ነው፦ የአሻራ ሰልፍ። ለቪዛ፣ ለውጭ ትምህርት፣ አንዳንዴም ለስራ ቅጥር «ከወንጀል ነፃ» የሚል ማስረጃ ይጠየቃል። ዐሥር ጣት አስነክተን፣ ከፍለን፣ ቀጠሮ ጠብቀን እንቀበላለን። ወረቀቱ ማህተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ፊርማ አለው። የሚለው ግን ባጭሩ ይሄን ነው፦ «ስለዚህ ሰው የተጻፈ ነገር አላገኘንም።»

እስቲ ጥያቄውን እንገልብጠው። የሆነች ልጅ ሐረር ፖሊስ ዘንድ ሄዳ «አያቴ በ1940 ዓ.ም. እዚህ ታስሮ ነበር። ማን እንዳሰረው፣ በምን እንዳሰረው፣ መቼ እንደተፈታ የተጻፈበትን መዝገብ ቅጂ እፈልጋለሁ» ብትል ምን ይገጥማታል? መጀመሪያ የሚመጣው መልስ «አለ» ወይም «የለም» አይሆንም። መጀመሪያ የሚመጣው «ለምን ፈለግሽው?» ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች «ለምን» ነው። የታሰረ ሰው መዝገብ ለማን ነው የሚጻፈው? ለአሳሪው ወይስ ለታሳሪው? ሐረርን የመረጥኩት በምክንያት ነው። በአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ውስጥ አሚሮች፣ ግብጾች፣ ምኒልክ፣ ጣሊያን፣ ንጉሠ ነገሥቱ፣ ደርግና የፌዴራሉ ሥርዓት ተራ በተራ ያሰሩባት ከተማ ናት። የአሳሪው ቋንቋ ሲቀያየር የመዝገቡም ቋንቋ ተቀያይሯል።

ሁለት ሸሪፎች

አሜሪካ ውስጥ በየካውንቲው «ሸሪፍ» የሚባል በምርጫ የሚሾም ሹም አለ። ብዙውን ጊዜ የአካባቢውን እስር ቤት የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ማንም ሰው፣ ጎረቤትም ሆነ ጋዜጠኛ፣ ለሸሪፉ ቢሮ ጽፎ የእስር መዝገብ መጠየቅ ይችላል። በብዙ ቦታ ጥያቄውም አያስፈልግም፤ ዛሬ የታሰሩት ሰዎች ስም ከነፎቶው ድረ ገጽ ላይ ተለጥፎ ያድራል። ፍሎሪዳ የሕዝብ መዝገብ ለሕዝብ ይከፈት የሚለውን ሕጓን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። እኛ ጋ አጤ ምኒልክ ገና በሕይወት ነበሩ ማለት ነው።

ሐረርም ሸሪፍ አላት። ቃሉ በድምፅ ይመሳሰል እንጂ ዘሩ ሌላ ነው። የእንግሊዙ ሸሪፍ ከጥንት «የአውራጃ ሹም» ከሚል ቃል የመጣ ሲሆን የሐረሩ ሸሪፍ ዐረብኛ ነው፤ «ክቡር» ማለት ነው፣ ከነቢዩ ቤተሰብ ለሚቆጠሩ የሚሰጥ ስም። ግን አጋጣሚው ደስ ይላል። ጀጎል ውስጥ የከተማዋን ወረቀት ፍለጋ ለሚመጣ ሰው ከሚጠቆሙት በሮች አንዱ የአቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም ነው። አቶ አብዱላሂ ከመንግሥት ሹመት ሳይኖራቸው፣ ከሰው ቤት፣ ከገበያ፣ ከተጣለ ዕቃ መሃል ከሺህ በላይ የእጅ ጽሑፎች ሰብስበዋል። የተቦጨቀውን መልሰው ለመጠረዝም የመጽሐፍ ድጎሳ ሙያ ተምረዋል። ስብስባቸው ዛሬ ያለው የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነው።

አንዱ ሸሪፍ መዝገቡን የሚሰጠው ሕግ ስለሚያስገድደው ነው። ሌላው መዝገብ ያዳነው ማንም ሳያስገድደው ነው። ልዩነቱ ስለ አገሮቹ ብዙ ይናገራል፤ ይሁንና የሐረሩ ስብስብ የያዘው በአብዛኛው የሃይማኖት፣ የሕግና የቤተሰብ ጽሑፍ ነው። ጣቢያ አድሮ የወጣ ሰው ስም እዚያ አይገኝም። ያ ስም የት ሄደ?

ቃላቱ የት እንደታሰሩ

አማርኛችን ስለ እስር ብዙ ቃል አለው፤ እያንዳንዱም ታሪክ ተሸክሟል። «ማሰር» ራሱ ገመድ ነው። ፍየልም ይታሰራል፣ ሰውም ይታሰራል። «ወህኒ» የመጣው ከአምባ ወህኒ ነው፤ የጎንደር ነገሥታት ለዙፋን የሚያሰጓቸውን ልዑላን የሚያስቀምጡበት ተራራ። «ከርቸሌ» የጣሊያንኛው «ካርቸሬ» ነው። «ዘብጥያ» ደግሞ የኦቶማን ቱርኮች ለፖሊሳቸው የሰጡት ስም ነው፤ ጣሊያኖችም በቅኝ ግዛታቸው ካገሬው ሰው የመለመሏቸውን ፖሊሶች በዚሁ ቃል ይጠሯቸው ነበር። ሐረርን ሁለቱም ገዝተዋታል፦ ግብጾች በኦቶማን ስም ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም.፣ ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933። ዛሬ «ዘብጥያ ወረደ» ስንል የሁለት ወራሪ ፖሊስ ስም ባንድ ትንፋሽ እንጠራለን።

ከእነዚህ ሁሉ የሚለይ አንድ ቃል አለ፦ ቁራኛ። በድሮው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ ድረስ አብረው ይታሰራሉ፣ በሰንሰለት ወይም ልብስ ከልብስ ተቋጥሮ። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ፣ አብረው ያድራሉ። ለዛሬ ሰው አስቂኝ ይመስላል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በቁራኛ የታሰረ ሰው ማን እንዳሳሰረው አይጠፋውም። ከሳሹ ክንዱ ላይ ተንጠልጥሏል። መዝገቡ ሰው ነው ማለት ይቻላል። ተከሳሹ ከጠፋ ከሳሹም አብሮ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሰው በዝምታ አይሰወርም።

ዘመናዊ እስር ሲመጣ ያ ክንድ ተፈታ። ከሳሹ መንግሥት ሆነ፤ መንግሥት ደግሞ ከማንም ጋር አይቋጠርም። የከሳሹን ቦታ የወሰደው ወረቀት ነው። ለዚህ ነው ወረቀቱ ሲጠፋ ነገሩ የሚከብደው፤ የተፈታውን ቋጠሮ የተካው እሱ ብቻ ነበርና።

ሐረር ለወረቀት አዲስ አልነበረችም። አሚሮቹ የራሳቸውን ገንዘብ የሚያትሙ፣ የቃዲ ችሎት ያላቸው፣ የቤትና የመሬት ሽያጭን፣ ውርስን፣ ግብርን በዐረብኛ ደፍተር ላይ የሚያሰፍሩ ነበሩ። እኛ «ደብተር» የምንለው እነሱ «ደፍተር» የሚሉት ነው። የአሚሩ እስረኞች ነገር ግን በደንብ የተነገረን በሌላ ሰው ብዕር ነው። ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ሲቆይ፣ እንግዳ ነኝ ወይስ እስረኛ እያለ ሲሰጋ፣ በአሚሩ ግቢ አጠገብ ስለነበሩት በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች ጽፏል። ቤትህን ስትሸጥ ስምህ ደፍተር ላይ ይሰፍራል። ስትታሰር ግን የሚጽፍልህ መንገደኛ ነው።

የጋራ ሙለታው እስረኛ

አሁን ወደ አንድ ትልቅ እስረኛ እንሂድ። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ያሉት ሐረር ነበር። አዲስ አበባ ላይ መኳንንቱና ጳጳሱ ተሰብስበው ሻሯቸው። ክርክር አልተሰማም፣ መከላከያ አልቀረበም። ከዚያ በየበረሃው ተንከራተው በ1913 ተያዙ፤ ፍቼ ላይ በራስ ካሣ ጥበቃ ሥር ለዓመታት ተቀመጡ። በ1924 አመለጡ፣ ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ። ከዚህ በኋላ የተላኩት ወደ ሐረርጌ፣ ወደ ጋራ ሙለታ ነው። እዚያው በእስር እንዳሉ ኅዳር 1928 ላይ መሞታቸው ተነገረ። ጣሊያን ወረራውን ከጀመረ ገና ሁለተኛ ወሩ አካባቢ ነበር።

እዚህ ላይ ዓመቶቹን አስተያዩ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የታወጀው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። በውስጡም ማንም ኢትዮጵያዊ በሕግ ካልሆነ በቀር እንዳይያዝ፣ እንዳይፈረድበት፣ እንዳይታሰር የሚል አንቀጽ አለ። ልጅ ኢያሱ ጋራ ሙለታ የወጡት ከዚያ በኋላ ነው። ሕጉ ተጽፏል፤ እስረኛው ግን በየትኛው ፍርድ፣ ለስንት ዓመት እንደታሰሩ የሚያሳይ የችሎት ወረቀት ለሕዝብ አልቀረበም።

ወረቀት በሌለበት ተረት ይበቅላል። ስለ ልጅ ኢያሱ እስር የምንሰማው በአብዛኛው ተረት ነው፦ የወርቅ ሰንሰለት፣ በሌሊት የመጣ ትእዛዝ፣ በምስጢር የተቆፈረ መቃብር። የት እንደተቀበሩ እስካሁን ያከራክራል። አንዳንዱ ወሬ እውነት ሊኖረው ይችላል፤ ግን የምንመዝንበት ሚዛን አልተሰጠንም። መዝገብ አለመጻፍ እስረኛውን ብቻ አይጎዳም። አሳሪውንም ከሐሜት የሚያድን ምስክር ያሳጣዋል።

1940፦ የኩሉብ ዓመት

ከጣሊያን መባረር በኋላ መንግሥት በወረቀት ተደራጀ። የፖሊስ ሠራዊት አዋጅ በ1934፣ የወህኒ ቤቶች አዋጅ በ1936 ወጣ። እስረኛ በቁጥር፣ በስም፣ በቀን መመዝገብ የተለመደ የቢሮ ስራ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ይህ ማሽን በጅምላ ሐረር ላይ ዞረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1940 ዓ.ም. ጥር ላይ የእንግሊዝ፣ የአሜሪካ፣ የፈረንሳይና የሶቪየት ኅብረት መርማሪ ኮሚሽን መቋዲሾ ገባ፤ የቀድሞዋ የጣሊያን ሶማሊያ ዕጣ ምን ይሁን የሚለውን ሊያጠና። ሐረር ውስጥ ደግሞ «ኩሉብ» የሚባል እንቅስቃሴ ነበር። ስሙ «ክለብ» ከሚለው ቃል ነው፤ ከሶማሌ ወጣቶች ሊግ ጋር የተሳሰረ። የሐረሪ ተወካዮች በድብቅ ወደ መቋዲሾ ሄደው አቤቱታ ለማሰማት ሞከሩ። አቤቱታቸው የግብር፣ የመሬት፣ ከአስተዳደር የመገለል ነበር፤ ከሶማሊያ ጋር የመቀላቀል ሐሳብም ነበረበት። በመንግሥት ዓይን ይህ ክህደት ነው። በብዙ ሐረሪ ቤተሰብ ትውስታ ደግሞ የተበደለ ሰው ጩኸት ነው። ሁለቱም ትርጉም እስከዛሬ አልታረቁም።

የተከተለው የጅምላ እስር ነው። ሰዎች ከጀጎል ውስጥ ከየቤታቸው ተለቀሙ፣ ንብረት ተወረሰ። በርካታ ቤተሰብ ከተማዋን ለቆ ወደ ድሬዳዋና ወደ አዲስ አበባ ፈለሰ። መርካቶ አካባቢ የሰፈሩ የሐረሪ ነጋዴ ቤተሰቦችን ታሪክ ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ ያቺ ዓመት ትመጣለች። ከዚያ በኋላ ሐረሪዎች በገዛ ግንባቸው ውስጥ ቁጥራቸው እየሳሳ ሄደ። ጀጎልን ዛሬ የምናውቃት ዓይነት ከተማ ካደረጓት ነገሮች አንዱ ያ የእስር ሰሞን ነው።

ታዲያ መዝገቡስ? ይህን ዘመን በሰፊው ያጠናው ቲም ካርማይክል የተባለ አሜሪካዊ የታሪክ ምሁር ነው። ስለ ሐረር አስተዳደርና ስለ ኩሉብ ሲጽፍ የቢሮ ጽሑፍንና የሽማግሌ ቃልን ጎን ለጎን አድርጎ ነው። ያለዚያ አይሆንም። የቢሮ ወረቀት «እገሌ ተያዘ» ይልና ዝም ይላል፤ እገሌ ሲያዝ ሚስቱ ምን እንዳደረገች፣ ሱቁ ለማን እንደሄደ አይነግርህም። የሽማግሌ ቃል ደግሞ ይሄን ሁሉ ይነግርህና ቀኑን ይስተዋል። አንዱ ያለ ሌላው አንካሳ ነው።

የልጅ ልጆቹ ጥያቄ የታሪክ ጉጉት ብቻ አይደለም። የተወረሰ ቤት የማን ነበር? አባወራው ሲታሰር ንብረቱ በፍርድ ተወረሰ ወይስ በትእዛዝ? የውርስ ክርክር ሲነሳ ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ወረቀት ነው እንጂ ትዝታ አይደለም። መዝገቡን የያዘው አሳሪው፣ ማስረጃ አምጣ የሚባለው ታሳሪው። እዚህች ጋ ነው የነገሩ ጥርስ ያለው።

ያለበትን ንገረኝና ልፈልገው

ሕጉ ግን እየተሻሻለ ነበር። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አዘዘ። «ጊዜ ቀጠሮ» የምንለው፣ ዛሬም በየችሎቱ የሚሰማው የ14 ቀን ነገርም የዚያ ሕግ ልጅ ነው። በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ያለ ሕግ የተያዘን ሰው አካል ነፃ የማውጣት አቤቱታን ፈቀደ። ከአንቀጽ 177 ጀምሮ ታገኙታላችሁ።

አንቀጹን በእርጋታ አንብቡት። አመልካቹ በመሐላ ቃል ሦስት ነገር ማስረዳት አለበት፦ ሰውየውን የያዘው ማን እንደሆነ፣ የተያዘበትን ሁኔታና ቦታ፣ ይህን የሚመሰክሩ ሰዎች ካሉ ስማቸውን። ለመደበኛ ጊዜ ምክንያታዊ ነው። ግን ልጇን በሌሊት የተወሰደባት እናት የምትጠይቀው «የት ነው ያለው?» ብላ ነው። ሕጉ ደግሞ መልሶ «የት ነው ያለው?» ይላታል። መሃሉን ሊሞላ የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየጣቢያው በትክክል የተያዘና ቤተሰብ ሲጠይቅ የሚገለጥ የእስረኛ መዝገብ። እሱ ከሌለ ጥሩው አንቀጽ በር የሌለው ቤት ይሆናል።

ሳህኑ ሲመለስ

ከዚያ አብዮት መጣ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሐረር ብዙ በማይርቀው ኤጀርሳ ጎሮ የተወለዱት ንጉሠ ነገሥት በትንሽ ቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥታቸው ወጡ። ነሐሴ 1967 ላይ በሕመም ሞቱ ተብሎ በመንግሥት ተነገረ። እውነቱ የወጣው ከዓመታት በኋላ ነው፤ አፅማቸው በ1984 በቤተ መንግሥት ግቢ ከኮንክሪት ሥር ተቆፍሮ ወጣ። በኋላ የቀረበው ክስም ታፍነው እንደተገደሉ የሚል ነበር። ጥቅምት 26 ቀን 1993 ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ልጅ ኢያሱን ያለ ችሎት ጋራ ሙለታ ያኖረ ዙፋን፣ ተራው ሲደርስ የራሱም እስረኝነት እውነተኛ ወረቀት አልተጻፈለትም። ይህን የምለው ለመፍረድ አይደለም። ለሌላው ያልተከለው ዛፍ ለራስም ጥላ አይሆንም፣ ነገሩ ይሄው ነው።

የቀይ ሽብር ዓመታት ሲመጡ ሐረር ድርብ መከራ ላይ ነበረች። በ1970 መጀመሪያ የሶማሊያ ጦር ከከተማዋ ደጅ ደርሶ ነበር። ከውጭ መድፍ፣ ከውስጥ ቀበሌና አብዮት ጥበቃ። እስረኛ በየቀበሌው፣ በየጣቢያው፣ በየግቢው ተበተነ። ያን ጊዜ ቤተሰብ የልጁን ነገር የሚያውቅበት ዋናው መንገድ በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት ነበር፦ ስንቅ። ጠዋት ምግብ ይወሰዳል። ባዶ ሳህን ከተመለሰ ልጁ አለ፣ በልቷል። ምግቡ እንዳለ ከተመለሰ፣ ወይም ዘበኛው «ከእንግዲህ አታምጡ» ካለ፣ ልጁ የለም። የሞት ማስረጃው ያው ነው። ሳህኑ መዝገብ ሆነ። አንብባ የምትጨርሰው እናት ናት፤ ቅጂ ግን የለውም።

የገዳዮቹ ፊርማ

እንግዲህ አንድ የማይጠበቅ ነገር ልንገራችሁ። ደርግ መዝገብ አልጻፈም ብላችሁ አስባችሁ ከሆነ፣ ጽፏል። ብዙ ጽፏል። ለቤተሰብ ሳህን ሲመልስ ለራሱ ፋይል ይከፍት ነበር። የግድያ ትእዛዝ በፊርማና በማህተም፣ የእስረኛ ዝርዝር፣ «እርምጃ የተወሰደባቸው» የሚል ሪፖርት ከታች ወደ ላይ ይላክ ነበር። ቢሮክራሲው የበላይን ማስደሰት ነበረበት፣ ለዚያም ማስረጃ ያስፈልጋል።

በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ስራ ሲጀምር ከየመሥሪያ ቤቱ የሰበሰበው ይህንን ነው፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ገጾች። በመላ አገሪቱ ከ5,000 በላይ ሰዎች ተከሰሱ። ዋናው ችሎት ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ተከፈተ፤ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዘር በማጥፋት ጥፋተኛ ናቸው የሚለው ፍርድ ተሰጠ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት መጀመሪያ የዕድሜ ልክ እስራት፣ ይግባኝ ከተባለ በኋላ ግንቦት 2000 ላይ ሞት ተፈረደባቸው። ፍርዱን ያቆመው ምስክርና ወረቀት ነው። ወረቀቱን የጻፉት ግን ራሳቸው ገዳዮቹ ናቸው። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሲከፈትም አፅሙና ፎቶው ከሰነዱ ጋር ነው የቀረበው።

በዓለም ላይም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ጓቲማላ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2005 በአንድ የፖሊስ ግቢ ውስጥ ወደ 80 ሚሊዮን ገጽ የሚጠጋ የቆሸሸና የሻገተ ወረቀት በአጋጣሚ ተገኘ፤ መንግሥት ለዓመታት «የለም» ሲለው የነበረ የፖሊስ መዝገብ። ጀርመኖች ደግሞ የምሥራቅ ጀርመንን የስለላ ፖሊስ ፋይል እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ለተሰለሉት ሰዎች ለራሳቸው ከፈቱት፤ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ፋይላቸውን ለማየት ጠይቀዋል። ትምህርቱ አንድ ነው፦ ለመጉዳት የተጻፈ መዝገብ፣ ከተረፈ፣ ቀን ጠብቆ ተጎጂውን ያገለግላል። የሚገድለው መቃጠሉ ነው።

ባንድ ከተማ ሦስት መዝገብ

ዛሬስ? በ1987 የጸናው ሕገ መንግሥት በወረቀት ደረጃ ብዙ መልስ አለው። አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው እንዲነገረውና በ48 ሰዓት ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ይላል። አንቀጽ 21 የትዳር ጓደኛ፣ ዘመድ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ እንዲጎበኙት ይፈቅዳል። አንቀጽ 29 መረጃ የማግኘት መብትን ያስቀምጣል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ዝርዝሩን ሰጠ፦ ማንም ሰው የመንግሥት አካልን መረጃ መጠየቅ ይችላል፤ መልስ በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጠው ይገባል፤ ከተከለከለ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ከዚያ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት አቤት ይላል። በምርመራ ላይ ያለ ጉዳይና የሌላ ሰው የግል መረጃ ግን ከሚከለከሉት ውስጥ ናቸው።

ሐረር ላይ ይህ ሁሉ ሲወርድ አንድ ተጨማሪ ቋጠሮ አለው። ከተማዋ የሐረሪ ክልል መቀመጫ ናት፣ ክልሉም የራሱ ፖሊስና ፍርድ ቤት አለው። ግን የኦሮሚያ ክልል የምሥራቅ ሐረርጌ ዞን ቢሮዎችም ያሉት እዚሁ ከተማ ነው። የፌዴራል ፖሊስም አለ። ስለዚህ «ሐረር ታሰረ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ብቻውን አድራሻ አይሆንም። ከባቢሌ ወይም ከግራዋ የተያዘ ሰው ሐረር ከተማ መጥቶ ሊታሰር ይችላል፤ መዝገቡ ግን የክልሉ ፖሊስ ጋ የለም። ቤተሰብ አንዱ በር ላይ «እኛ ጋ የለም» ሲባል እውነት ሊሆን ይችላል። ቀጣዩ በር ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው።

ለሚጠይቅ ሰው የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮች እነሆ። ጥያቄው ለትክክለኛው ፖሊስ ይጻፍ። የታሳሪው ስም እስከ አያት፣ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ የተያዘበት ሰፈርና ጣቢያ ይጠቀስ። ጉዳዩ ጊዜ ቀጠሮ ላይ ደርሶ ከነበረ የችሎት መዝገብ ቁጥር አለው፤ ብዙ ጊዜ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ከፖሊስ ጣቢያ ይልቅ የተሻለ ፍንጭ ይሰጣል። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፣ አንዱ ላይ ገቢ የሆነበት ቀንና ቁጥር ይመታበት። 30 ቀኑ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። አቤቱታ ያለ ገቢ ቁጥር እንደ ሳህኑ ነው፣ ቅጂ የለውም። ጉዳዩ የቆየ ታሪክ ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ ያለው ወመዘክርም አንድ በር ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የአገሪቱን መዛግብት የመሰብሰብና የመጠበቅ ኃላፊነት ተሰጥቶታል።

ሁሉም ይከፈት?

እንግዲያስ እንደ አሜሪካው ሸሪፍ የታሳሪን ፎቶ በየቀኑ እንለጥፍ? ቆይ። ያም የራሱ ጣጣ አለው። እዚያ አገር አንዴ የተለጠፈ የእስር ፎቶ፣ ሰውየው በነፃ ቢለቀቅም፣ ስሙ በተፈለገ ቁጥር ብቅ ይላል። ስራ ይከለክላል፣ ቤት ያስከለክላል። ፎቶውን ለማንሳት ገንዘብ የሚጠይቁ ድረ ገጾች ሳይቀሩ ተፈጥረዋል። በእኛ ከተማ፣ ሁሉም ሰው የሁሉንም ሰው አጎት በሚያውቅበት ጀጎል፣ እንዲህ ያለ ዝርዝር ቢለጠፍ ማን ከማን ጋር ይጋባል? ሕገ መንግሥታችንም ያልተፈረደበት ሰው ንጹሕ ሆኖ እንዲገመት ይላል።

መፍትሔው ለሁሉም መክፈት ወይም በሁሉም ላይ መዝጋት አይመስለኝም። ቅደም ተከተል ነው። የእስር መዝገብ መጀመሪያ የታሳሪው ነው። ቀጥሎ ፈላጊ ቤተሰቡ፣ ቀጥሎ ዳኛው። ዘመን ሲያልፍ ደግሞ የታሪክ ነው፣ ማለትም የሁላችንም። አሁን ያለው ልማድ ተገልብጦ ነው የቆመው፦ መዝገቡ መጀመሪያ የአሳሪው ንብረት ነው፣ ሌላው ሁሉ ለማኝ ነው።

ወደዚያች ልጅ ጥያቄ እንመለስና «ለምን ፈለግሽው?» ለሚላት ሰው ብዙ መልስ መስጠት ትችላለች። ለውርስ ልትል ትችላለች። ለታሪክ ልትል ትችላለች። ሕጉ ግን ምክንያት እንድታቀርብ አያስገድዳትም፣ ምክንያት ማቅረብ ያለበት የሚከለክላት ነው። አያቷ በቁራኛ ዘመን ቢኖር ኖሮ ከሳሹን ክንዱ ላይ ያገኘው ነበር። በወረቀት ዘመን ታሰረ፤ ስለዚህ ወረቀቱን ትጠይቃለች። ወረቀቱ ካለ ይስጧት። ከሌለም «ፈልገን አላገኘንም» ብለው በቀንና በማህተም ይጻፉላት። ለቪዛ ሲሆን ያንኑ ዐረፍተ ነገር ጽፈው መስጠት ያውቁበታል።